ነፋሱ ድንገት ጸጥ ሲል አትውጡ

ታይፉን የሚባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በሚመታቸው አገሮች፣ ጃፓንም ሆነ ፊሊፒንስ፣ ላላችሁ፦ ነፋሱ ድንገት ጸጥ ብሎ ሰማዩ ቢገለጥ፣ አለፈ ብላችሁ በር እንዳትከፍቱ። ያ የአውሎ ነፋሱ ዓይን፣ ማለትም መሃሉ ነው። ታይፉን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ውቅያኖስ፣ ከ26 ዲግሪ በላይ ከሆነ ውሃ በሚነሳ እንፋሎት ነው። እየተሽከረከረ ስለሚመጣ መሃሉ ጸጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመለሳል፤ ያኔ የጣሪያ ቆርቆሮ እንደ ቢላ ይበራል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ውሃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሃያን የተባለው ታይፉን ፊሊፒንስን ሲመታ፣ ታክሎባን ላይ ባሕሩ ራሱ ከተማው ውስጥ ገባ። በአገሪቱ ከ6,000 በላይ ሰው አለቀ። እባካችሁ፣ ባሕሩ አጠገብ ከሆናችሁና ልቀቁ ከተባላችሁ፣ ሳይመሽ ወደ ከፍታ ውጡ። መታወቂያና መድኃኒት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ስልካችሁንም ከዋዜማው ሙሉ ቻርጅ አድርጉት።