ላብራቶሪ ውስጥ ጸሐፊ ሆነሽ እንዳትቀሪ

የኬሚስትሪ ላብራቶሪ አስተምራለሁ። በየዓመቱ አምስት ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲቆሙ ቡሬቱ፣ ማለትም ፈሳሽ እየለካ በጠብታ የሚያወርደው ባለመክፈቻ የመስታወት ቱቦ፣ ወዲያው ወንድ ልጅ እጅ ይገባል፤ ወረቀቱና እስክሪብቶው ለሴቷ ይሰጣል። ምክንያቱም ሁልጊዜ «የእሷ ጽሑፍ ያምራል» ነው። የእኔም ጽሑፍ ያምር ነበር። አንደኛ ዓመትን ሪፖርት ስጽፍ ጨረስኩ፤ ውጤቴም ጥሩ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ለየብቻችን የተግባር ፈተና ስንቀመጥ ግን የቡሬቱ መክፈቻ ወዴት እንደሚዞር አላወቅሁም። የዚያን ዕለት የእጄን መንቀጥቀጥ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የምትገቢ እህቴ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሪ። ማታ ዶርም ውስጥ የነገውን ሙከራ መመሪያ አንብቢና ቅደም ተከተሉን በራስሽ ቃል ጻፊው። አንብቦ የመጣ ሰው ዕቃ ለመያዝ ፈቃድ አይለምንም። ፀጉርሽን እሰሪ፤ ጋዋንሽን ቆልፊ፤ ቀድመሽ ድረሺ። ሥራው ሳይጀመር «ዛሬ እኔ እለካለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ፤ በሚቀጥለው እንቀያየራለን» በይ። መቆጣት አያስፈልግም፤ ቀድሞ መናገር ይበቃል። እምቢ ካሉሽ መምህሩ ተራ እንዲያወጣ ጠይቂ።

አሁን ቡሬቱ እጅሽ ገብቷል። ሥራሽ ፍላስኩ ውስጥ ያለውን አሲድ ለማርከስ ስንት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ቤዝ) እንደሚበቃ መለካት ነው። መጀመሪያ በውሃ፣ ቀጥሎ በራሱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ አለቅልቂው፤ ውስጡ የቀረ ውሃ ያቀጥነዋልና። ስትሞዪው ከዓይንሽ በታች ዝቅ አድርጊው፤ መነጽርም አይቅር። ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ካለ አስወጪ። ስታነቢ ዓይንሽን ከፈሳሹ ጋር አስተካክለሽ ጎድጎድ ያለውን የፈሳሹን ገጽ የታችኛውን ጠርዝ እዪ። ግራ እጅሽ መክፈቻውን ይያዝ፤ ቀኝሽ ፍላስኩን ያሽከርክር። ፌኖልፍታሊን (በአሲድ ውስጥ ቀለም የሌለው፣ በቤዝ ውስጥ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ) የተጨመረበት አሲድ መጀመሪያ ጠብታው ባረፈበት ቦታ ብቻ ሮዝ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። መጥፋቱ ሲዘገይ ጠብ፣ ጠብ እያደረግሽ ሂጂ። ፍላስኩን እያሽከረከርሽ 30 ሰከንድ ያህል የማይጠፋ ፈዛዛ ሮዝ ስታዪ ዝጊ። ደማቅ ከሆነ አልፎሻል፤ እንደገና ጀምሪ። ይህች ቅጽበት በንባብ አትገኝም፤ የምትማራት ጣት ናት።

70 በመቶውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይመድብ የነበረው ፖሊሲም፣ ለሴቶች የሚደረገው የመግቢያ ነጥብ ድጋፍም በር ከፍተዋል። ድጋፉን እደግፋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ማን ምን እንደሚይዝ ግን አይወስንም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም የእጅሽን ሥራ አያይም። የላብራቶሪ ውጤት ለቡድን ሳይሆን ለእያንዳንዱ ተማሪ፣ እየሠራ ታይቶ ሊሰጥ ይገባል እላለሁ፤ በክፍሌም እንዲሁ አደርጋለሁ።

ቡሬቱ ለአምስት ሰው አንድ ብቻ ከሆነ ተራሽ ቶሎ አይደርስም። የላብራቶሪ ቴክኒሻኗን ተዋወቂ፤ ቁልፉ እሷ ጋር ነው። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ሲሆን እሷ ባለችበት አንድ ሰዓት እንዲፈቀድልሽ ጠይቂ። እኔ ተጠይቄ እምቢ ብዬ አላውቅም።