ዌብሳይት አለህ፣ ጎግል ላይ ግን የለህም፦ የድሬና የሐረር ባለሱቆች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ክፍል የሚያከራይ ሰው ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ ምን እንደሚጠየቅ ያውቃል። «ኤሲ አለው?» ነው። ቀጥሎ «ስንት ነው?»፣ ከዚያ «ከዚራ ነው ሳቢያን?»። የዚሁ ሰው ዌብሳይት ሲከፈት ግን «ምቹ፣ ዘመናዊና ለቤተሰብ ተስማሚ መስተንግዶ» ይላል። ኤሲ የሚል ቃል የለም። ዋጋ የለም። ሰፈሩም አልተጻፈም። ከዚያ «ጎግል ደበቀኝ» ብሎ ያማርራል። ኧረ አቦ፣ ጎግል ምን ብሎ ያውጣህ?

ትንሽ ዌብሳይት ያለው ሰው፣ ማረፊያም ይኑረው የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ፣ ቡና ሻጭም ይሁን አስጎብኚ፣ የሚሳሳተው እዚሁ አካባቢ ነው። ግማሹ ስህተት ቃል አመራረጥ ላይ ነው፣ ግማሹ ሊንክ ፍለጋ ላይ፣ ማለትም ሌሎች ዌብሳይቶች ወደ ገጽህ የሚወስድ ማያያዣ እንዲያስገቡልህ በመፈለግ ላይ። (በነገራችን ላይ «አንተ» እያልኩ ነው የምጽፈው። እኛ አገር አንቱታ ብዙም አይሆንልንም። ሴቶች «አንቺ» ብላችሁ አንብቡት፣ ቅር አይበላችሁ።)

ራስህን የምታሞግስበትን ቃል መምረጥ

ኪዎርድ ማለት ደንበኛው ጎግል ላይ የሚጽፈው ነገር ነው። «ተወዳዳሪ የሌለው አገልግሎት» ብሎ ሰርች ያደረገ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ሰው የሚጽፈው የቸገረውን ነው። አዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ እንግዳው «ከድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ወደ ከተማ በምን ይኬዳል» ይላል። ባለ ባጃጁ «የባጃጅ ፍሪሲዮን ዋጋ ድሬዳዋ» ብሎ ይጽፋል፣ ሱቁ ገጽ ላይ ግን የተጻፈው «የኃይል ማስተላለፊያ ክፍሎች» ነው። ሁለቱ እንዴት ይገናኙ?

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። ስልኩ አጠገብ ደብተር አስቀምጥና ለሁለት ሳምንት ያህል ሰው የሚጠይቅህን ቃል በቃል ጻፍ። አታሳምረው። ቴሌግራም ላይ የሚመጣውንም ጨምር። ከዚያ እያንዳንዱን ጥያቄ ጎግል ላይ መጻፍ ጀምርና ሳትጨርሰው ቁም፤ ከሥር እየደረደረ የሚያቀርብልህ ሐሳብ በአብዛኛው ሌሎች ሰዎች ከፈለጉት የመጣ ነው። የራስህ የድሮ ፍለጋ እንዳያሳስትህ ኢንኮግኒቶ (የብራውዘሩን የግል መስኮት) ከፍተህ ሞክረው። የውጤት ገጹን እስከ ታች ብትወርድ ደግሞ ተያያዥ ፍለጋዎችን ታገኛለህ። ይህን ሁሉ ደብተሩ ላይ ካለው ጋር አስተያየው። ሁለቱም ቦታ ላይ ያገኘኸው ቃል ገጽ ይገባዋል።

ትልቁን ቃል ማሳደድ

ሐረር ላይ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው «የኢትዮጵያ ቡና» ለሚለው ፍለጋ አንደኛ ልውጣ ካለ ከዊኪፔዲያ፣ ከትልልቅ ላኪዎችና ከዜና አውታሮች ጋር ሊታገል ነው። ይልቅ ጠበብ አድርገው። የሐረር ቡና በፀሐይ የሚደርቅ፣ ያልታጠበ ቡና ነው፤ «ያልታጠበ የሐረር ቡና የተቆላ ኪሎው ስንት ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ቦርሳውን ይዞ ነው የመጣው። በእንግሊዝኛ የምትሸጥ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ በል፦ ከተማዋ ብዙ ጊዜ በአንድ «አር» ስትጻፍ ቡናው ገበያ ላይ በሁለት «አር» ሲጻፍ ታያለህ። የውጭ ገዢ የትኛውን እንደሚጽፍ፣ የትኛው ቃል ይበልጥ እንደሚፈለግ የሚያሳየው ጎግል ትሬንድስ ላይ ጎን ለጎን ማወዳደር ትችላለህ። አንዱን ብቻ ይዞ ገጹን የሞላ ሰው ሌላውን የሚጽፈውን ገዢ ላያገኘው ይችላል።

መሣሪያው ዜሮ ስላለ ፈላጊ የለም ማለት

ይሄ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ነው። ጎግል አድስ (የጎግል የማስታወቂያ አገልግሎት) ውስጥ ያለው፣ አንድ ቃል በወር ስንት ጊዜ እንደሚፈለግ የሚገምተው ኪዎርድ ፕላነር፣ ማስታወቂያ ለማያሠራ አካውንት ሰፊ ግምት ነው የሚሰጠው፤ «ከ100 እስከ 1 ሺህ» ይልሃል፣ ግባና ገምት እንግዲህ። ለትንሽ ከተማ፣ ያውም በአማርኛ ሲሆን፣ ጭራሽ ቁጥር ላያሳይ ይችላል። ባለቤቱ ይሄን አይቶ «ሰው አይፈልገውም» ይላል፣ ስልኩ ግን በዚያው ጥያቄ ሲጮህ ይውላል።

ያንተ እውነተኛ መረጃ ያለው ጎግል ለባለ ዌብሳይቶች ባዘጋጀው ሰርች ኮንሶል ውስጥ ነው። ነፃ ነው። ሰዎች ምን ብለው ጽፈው ገጽህ እንደታያቸው፣ ስንቶቹ እንደከፈቱት፣ ስንተኛ ላይ እንደነበርክ የ16 ወር ታሪክ ያሳይሃል። በጣም ጥቂት ሰው የጻፋቸውን ፍለጋዎች ለግላዊነት ሲባል ስለሚደብቅ ሁሉንም እንዳታገኝ እወቅ። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ከ8ኛ እስከ 20ኛ ደረጃ ላይ ሆነው ብዙ ጊዜ የታዩ፣ ግን ማንም ያልከፈታቸውን ነው። እነሱ በር ላይ ደርሰው የቀሩ ናቸው፤ ርዕሱን ማስተካከልና የጎደለውን መልስ መጨመር ብዙ ጊዜ ይበቃቸዋል።

በአንድ ፊደል መጻፍ፣ ወይም ሁሉንም ፊደል መደርደር

ሐረር፣ ሀረር፣ ሃረር። ድሬዳዋ፣ ድሬ ዳዋ። ሰው ስልኩ ላይ የቀለለውን ነው የሚነካው፣ ገሚሱም አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ጎግል እነዚህን ሁሌ እንደ አንድ ያያቸዋል ብለህ አትተማመን። ራስህ እያንዳንዱን ጽፈህ ውጤቶቹን አወዳድር፤ ከተለያዩ ርዕስህ ላይ ሰው የሚያዘወትረውን አድርግና ሌላውን ገጹ ውስጥ አንድ ቦታ በተፈጥሮው አግባው። «የሐረር ሀረር ሃረር ማረፊያ» ብሎ መደርደር ግን አንባቢንም ያሳቅቃል፣ ጎግልም ቃል መጠቅጠቅ ይለዋል።

ቋንቋም ሌላ ነገር ነው። እዚህ አንድ ሱቅ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪ ባንድ ጠረጴዛ ላይ ይወራል። ዌብሳይት ላይ ግን አራቱን አንድ ገጽ ላይ አትደባልቅ። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ገጽ ይኑረው፣ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ይጻፈው።

በየዓመቱ አዲስ ገጽ መክፈት

የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው፤ ያኔ ድሬና ሐረር አልጋ ማግኘት ፈተና ይሆናል። የሐረሪዎች በዓል ሸዋል ዒድ ደግሞ ከረመዳን በኋላ የስድስቱ ቀን ጾም ሲያበቃ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ስሙን የሚፈልገው የውጭ እንግዳም አለ። ባለ ማረፊያዎቹ ምን ያደርጋሉ? በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው «የዘንድሮ የቁልቢ ልዩ ቅናሽ» ብለው አዲስ ገጽ ይከፍታሉ። ጎግል ገጹን አግኝቶ፣ አንብቦ፣ ከሌሎቹ ጋር አመዛዝኖ እስኪያወጣው በዓሉ አልፏል። በዓመቱ ያንን ያጠፉትና ሌላ ይከፍታሉ።

አንድ ቋሚ ገጽ ክፈት፣ አድራሻው ላይ ዓመተ ምሕረት አታስገባ፣ በየዓመቱ እዚያው ላይ ቀኑንና ዋጋውን አድስ። ያገኘው ሊንክ ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል። ሸዋል ዒድ በሂጅራ አቆጣጠር ስለሚሄድ በፈረንጆቹ ካላንደር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀደም ይላል፣ እሱን ቆጥረህ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ቀድመህ አዘጋጀው። ለአንድ ፍለጋ አምስት ተመሳሳይ ገጽ ያለው ሰው ከራሱ ጋር ነው የሚወዳደረው።

ሰውዬው ምን ፈልጎ እንደመጣ አለመጠየቅ

«ሐረር ጅብ ማብላት» ብሎ የጻፈ ቱሪስት የሚፈልገው በስንት ሰዓት፣ የት፣ በስንት ብር፣ ሲመሽስ ባጃጅ ይገኛል ወይ የሚለውን ነው። አንዳንዱ አስጎብኚ ግን ከአሚሮች ዘመን ተነስቶ ሦስት አንቀጽ ታሪክ ያወርድለታል። ታሪኩ ይቆይ፣ ከታች አድርገው። ከመጻፍህ በፊት ያንን ቃል ራስህ ፈልገው፤ የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ካርታ ከሆኑ ሰው ቦታውን ነው የሚፈልገው፣ ቪዲዮ ከሆኑ ማየት ነው የፈለገው።

ሁለት ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። የምግብ ዝርዝርና ዋጋህን በፖስተር ፎቶ ብቻ አትለጥፍ፣ በጽሑፍም ይኑር። እና ኮዱ ውስጥ የተደበቀ «ሜታ ኪዎርድ» እሞላልሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህን ሰው በሰላም ሸኘው፤ ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ተናግሯል።

ሊንክ በጅምላ መግዛት

የጎግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ከስታንፎርድ ይዘውት የወጡት ሐሳብ ቀላል ነው፦ ብዙዎች የሚጠቁሙት ገጽ ይበልጥ ይታመናል፣ ጠቋሚው ራሱ የታመነ ሲሆን ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል። ሊንክ እንደ ዋስ ነው። ለመጣ ለሄደው ሁሉ ዋስ የሚሆን ሰው ዋስትናውን ማን ይቀበለዋል?

«አምስት ሺህ ባክሊንክ በሳምንት» (ባክሊንክ ከሌላ ገጽ ወደ ገጽህ የሚመጣ ሊንክ ነው) የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አይጠፋም። የሚሸጡልህ ለማንም ዋስ የሚሆኑ ገጾችን ነው፣ ቁማር፣ መድኃኒት፣ ጫማ፣ ያንተ የሐረር ሰፌድ ሱቅ፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን የሚባለውን ማሻሻያ ሲያወጣ በእንዲህ ዓይነት ሊንክ የተነሡ ብዙ ገጾች ወርደዋል። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ አይቆጥራቸውም፣ ብርህ ገደል ገባ ማለት ነው። ከባሰ ሰርች ኮንሶልህ ላይ የቅጣት ማስታወቂያ ይመጣል። ከፍለህ ማስታወቂያ ማስነገር ክልክል አይደለም፣ ግን የተከፈለበት ሊንክ ጎግል እንደ ዋስትና እንዳይቆጥረው የሚነግር «ስፖንሰርድ» ወይም «ኖፎሎው» የሚል ምልክት ኮዱ ላይ ሊኖረው ይገባል።

የሰው ጽሑፍ ሥር አስተያየት እየሰጡ ሊንክ መለጠፍም ያው ነው። «ኖፎሎው» እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው ይሄንኑ ለመግታት ነበር። ትዝብት ከማትረፍ ውጭ የሚገኝ ነገር የለም።

ቤትህን የሚያውቁትን ትቶ ሩቅ መሄድ

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሰው አሜሪካ ላለ የማያውቀው ዌብሳይት «ሊንክ ስጡኝ» ብሎ ይጽፋል፣ እንግዳ የሚልክለት የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ገጽ ላይ ግን ስሙ ያለ ሊንክ ተጽፎ ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ የንግድ ስምህን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገህ ፈልግ። ስምህ ተጽፎ ሊንክ የሌለበትን ሁሉ መዝግብ። ከዚያ አጭር መልእክት፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር የላካችኋቸው እንግዶች በሰላም ተሸኝተዋል። የሐረር ጉዞ ገጻችሁ ላይ ስማችንን ስላነሳችሁ እናመሰግናለን። እንግዶቻችሁ ክፍሉንና ዋጋውን ቀድመው እንዲያዩ ስማችን ላይ ሊንክ ብታደርጉልን ደስ ይለናል፤ አድራሻው ይኸው።»

እንዲህ ሲባል እምቢ የሚል ብዙ የለም። ቀጥሎ ዝርዝርህን አስፋ፦ አዳራሽህ ውስጥ ሥልጠና የሰጠ ድርጅት፣ ለስብሰባ የሚመጡ እንግዶችን አንተ ጋ የሚያሳርፍ የዩኒቨርሲቲ ክፍል፣ ሐረማያም ድሬም አሉ፣ ቡናህን ገዝቶ የሚቆላ የውጭ ደንበኛ፣ ሰርግ የሚያነሳ ፎቶግራፈር። የሊንኩን ቃል ደግሞ ለእነሱ ተውላቸው። ሁሉም ሰው «ምርጥ ርካሽ ማረፊያ ሐረር» ብሎ ቢያያይዝልህ የተቀነባበረ መሆኑ ያስታውቃል።

የማያውቅህ ሰው እንዲጠቁምህ ግን የሚጠቆም ነገር ያስፈልጋል። «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ማንም አይጠቁመውም። የጁገልን (የሐረርን ግንብ) አምስት ጥንታዊ በሮች ውሰድ፤ እያንዳንዱ በር በየቋንቋው የተለያየ መጠሪያ አለው። በር በበር ፎቶ አንስተህ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚጠራበትን ከአዋቂ ጠይቀህ፣ ካርታ ላይ አስቀምጠህ ብታወጣው አስጎብኚውም ተማሪውም ይጠቅሰዋል። ወይም ከድሬ ሐረር በደንገጎ የሚሄደውን ሚኒባስ፣ ከየት እንደሚነሳ፣ ታሪፉን፣ የመጨረሻው በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ከላይ «መቼ እንደታደሰ» ቀኑን ጽፈህ። እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ሁለት ቀን መሥራት ሁለት መቶ ሊንክ ከመግዛት ይሻላል።

ያገኘኸውን ሊንክ ማፍረስ

አዲስ ዲዛይን ይሠራል፣ የገጾቹ አድራሻ ሁሉ ይቀየራል፣ የድሮው ሊንክ «ገጹ አልተገኘም» ማለት ይጀምራል። ለሠሪው ከመክፈልህ በፊት እያንዳንዱን የድሮ አድራሻ በ301 (ገጹ ለዘለቄታው መዛወሩን በሚናገር ትእዛዝ) ወደ አዲሱ እንዲያዞረው ንገረው፣ ከዚያም ሰርች ኮንሶል ውስጥ ሊንክ ያላቸውን ገጾች እያወጣህ አንድ በአንድ ነክተህ አረጋግጥ።

ዶሜይኑም፣ ማለትም የዌብሳይትህ ስም፣ አለ። ብዙ ጊዜ ስሙን ያስመዘገበው የወንድም ልጅ ነው፣ በራሱ ኢሜይል፣ እና አሁን ዱባይ ነው። የማደሻው ማሳሰቢያ ለሱ ይሄዳል፣ እሱም አያየውም። ቀኑ ሲያልፍ ስሙ ይለቀቃል፤ ሌላ ሰው ከገዛው የተለቀሙት ሊንኮች ሁሉ ወደሱ ገጽ ይወስዳሉ። ስለዚህ ደውልለት። ኢሜይሉን ወደ ንግድ ቤቱ ያዙረው፣ የይለፍ ቃሉን ይላክ፣ ክፍያውንም ቢቻል ለጥቂት ዓመታት በአንዴ ጨርሰው።