ለነፍሰ ጡር ማደንዘዣ ሲሰጥ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ትናንት ለኸርኒያ ቀዶ ሕክምና የቀዳውን 3 ሚሊ ሊትር ቡፒቫኬይን የተባለ ማደንዘዣ ዛሬ በቀዶ ሕክምና ልትወልድ ለተቀመጠች እናት የሚቀዳ ተማሪ አሁንም አያለሁ፤ አሁንም እቆጣለሁ። መድኃኒቱ 0.5 በመቶ ከሆነ ያ 15 ሚሊግራም ነው። ለወላዷ በጀርባ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊግራም ነው። ማኅፀን ትልቁን ደም መልስ ሲጫነው ደሙ በአከርካሪ ውስጥ ባሉት ደም መልሶች በኩል መውጫ ይፈልጋል። እነርሱ ሲወጠሩ የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ቦታ ይጠብበዋል፤ መድኃኒቱም ሽቅብ ርቆ ይሄዳል። በዚህ ላይ ፕሮጄስትሮን የተባለው የእርግዝና ሆርሞን ነርቩን ራሱን ለማደንዘዣ ስስ ያደርገዋል። ሆዷ ገና ያልገፋ ሴትም ብትሆን ይህ ስስነት ቀድሞ ይጀምራል።

አንድ ምሽት መጠኑ የበዛባት እናት «ጣቶቼ ደነዘዙ» ስትል ተማሪው «አይዞሽ፣ ያለ ነው» አላት። ያለ አይደለም! እግር ቢደነዝዝ ያለ ነው፤ የእጅ ጣት ሲደነዝዝ ግን መድኃኒቱ ወደ አንገት ተጠግቷል። «እጄን ጨብጪኝ» አልኋት፤ አቃታት፤ ድምፅዋም ሰለለ። እስትንፋሷን በአምቡ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር ፊኛ) አግዘን፣ የደም ግፊቷን በመድኃኒት ደግፈን እናትም ልጅም ተረፉ። ወላድ ስለ እጇ ስትናገር ሥራ አቁማችሁ ስሟት።

ሌላው ስህተት በጀርባዋ ቀጥ አድርጎ ማስተኛት ነው፦ ማኅፀኑ ትልቁን ደም መልስ እንዳይጫነው ከቀኝ ዳሌዋ ሥር ትራስ ይግባና ወደ ግራ ትዘንብል።

በኤፒዱራል ቱቦ (ከኅብለ ሰረሰር ሽፋን ውጭ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ደም መኖሩን ለማየት ሳይስቡ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ መግፋትም ስህተት ነው፦ ቱቦው በተወጠሩት ደም መልሶች ውስጥ በቀላሉ ሊገባ ይችላል። ቡፒቫኬይንን በደም ውስጥ የሚይዘው ፕሮቲንም በእርግዝና ስለሚቀንስ ነፃው መድኃኒት ይበዛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ አሜሪካ 0.75 በመቶውን ቡፒቫኬይን ለወላዶች የከለከለችው የእናቶች ልብ እየቆመ ሞት በመከተሉ ነው። እየሳባችሁ፣ ጥቂት በጥቂት ስጡ፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ገብቶ ቢመርዝ የሚሰጠው 20 በመቶ የስብ ፈሳሽም ከአጠገባችሁ አይራቅ።

ከወሊድ በኋላ ለስፌት ሊዶኬይን የተባለውን ማደንዘዣ ወግቶ ወዲያው መስፋት ጭካኔ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። መጠኑም ልክ አለው፦ 60 ኪሎ ለምትመዝን እናት አድሬናሊን የሌለው 2 በመቶ ሊዶኬይን ከ13 ሚሊ ሊትር አይለፍ።

የጥርስ ሐኪሞችንም እለምናለሁ፦ መግል የቋጠረ ጥርስ ይዛ የመጣችን ነፍሰ ጡር «ስትወልጂ ነይ» ብላችሁ አትመልሷት። ሊዶኬይን በተለመደው መጠን፣ አድሬናሊን ያለበትም ቢሆን፣ እየሳቡ ሲሰጥ ለነፍሰ ጡር ይሆናል፤ የሚያሰጋት የተተወው ኢንፌክሽን ነው። ወንበሩ ላይ ወደ ግራ ዘንበል አድርጋችሁ ጥርሱን ንቀሉላት።