ታዳጊ ልጅ ከመጠመቁ በፊት የወላጅ ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል?

ሐዋሳ ውስጥ የታዳጊዎች አገልግሎት የምታስተባብሩ ከሆነ ይሄ ጉዳይ ይዋል ይደር እንጂ ይመጣባችኋል። የ15 ዓመት ልጅ ከፕሮግራም በኋላ ወደ ኋላ ይቀርና «እኔም መጠመቅ እፈልጋለሁ» ይላል። እሰየው ነው። ግን እናቱ ሰምታለች? አባቱስ?

የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ወላጁ ሳይፈቅድ አይጠመቅም። «የእምነት ነፃነት አለው እኮ» የሚሉ አገልጋዮች አሉ። አዎ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ይሰጣል። ግን ትንሽ ወረድ ብላችሁ ንዑስ ቁጥር 4ን አንብቡት፤ ወላጆችና ሕጋዊ ሞግዚቶች ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት የማሳደግ መብት እንዳላቸው እዚያው ተጽፏል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 14 ላይ የልጁንም የወላጁንም መብት ጎን ለጎን አስቀምጧል።

ከልጁ ጀምሩ። ለብቻው አነጋግሩት፣ ግን ሰው በሚያያችሁ ቦታ፤ ግቢ ውስጥ ያለ አግዳሚ ወንበር ይበቃል። ለምን እንደፈለገ በራሱ አፍ ይንገራችሁ። ጓደኞቹ ስለተመዘገቡ ብቻ ከሆነ ይቆይ። ተቃራኒውም አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ ነው ተብሎ በወላጅ ግፊት የሚመጣ። ወላጅ ፈርሞ ልጁ ካልፈለገ ያ ፊርማ ምንም አይሠራም።

ከዚያ ፈራሚው ማን እንደሆነ አጣሩ። እኛ ከተማ ይሄ ቀላል አይደለም። ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ መጥቶ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ልጅ ሞልቷል። አከራይዋ የቱንም ያህል ብታበላውና ብታስብለት ፈቃጅ አይደለችም። ታላቅ ወንድሙም እንደዚያው። ወላጆቹ ጋ ደውሉ፣ ሲመጡም በአካል አግኟቸው። በስልክ «እሺ» ማለት ለመጀመሪያ ወሬ እንጂ ለጥምቀት አይበቃም።

አሁን ከባዱ፣ ቤት መሄድ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቅጹን ይዞ ስለሚሄድ። በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አትያዙ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዷ ሴት ብትሆን፣ ሰፈሩ የሚያውቃት ብትሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ልጁ ቀድሞ «ሊመጡ ነው» ብሎ ይንገር፣ ዱብ ዕዳ አትሁኑ። ቤተሰቡ ኦርቶዶክስ ከሆነ በገብርኤል ንግሥ ሰሞን፣ ታኅሣሥ 19ም ሆነ ሐምሌ 19 አካባቢ፣ ለዚህ ጉዳይ በራቸውን አታንኳኩ። ቡና ከቀረበ ጠጡ። ሦስተኛው እስኪደርስ ብትቆዩ ምን ትጎዳላችሁ?

የምታናግሩት ሰው ምን እንደሚሰማውም አስቡ። ኦርቶዶክስ ቤት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች። ልጅቷ የክርስትና ስም አላት፣ የክርስትና እናት አለቻት፣ አንገቷ ላይ ማተብ ታስሯል። እናትየዋ በየጸሎቷ አንዲት ጥምቀት ብላ የምታምነውን እናንተ «ገና አልተጠመቀችም» ብላችሁ ስትጀምሩ የልጇን ሕይወት ከዜሮ መቁጠራችሁ ነው። መካነ ኢየሱስም ሕፃናትን ታጠምቃለች፣ ስለዚህ ቤቱ ጴንጤ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ክርክሩን እዚያ ሳሎን ውስጥ አትፈቱትም፣ አትሞክሩም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «እትዬ፣ ልጅዎ ጥያቄ አቅርባለች። እርስዎ ሳያውቁና ሳይፈቅዱ ምንም አይደረግም። የምናስተምረው ይሄ ነው፣ ሲመችዎት መጥተው ይዩ።» ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ቢቆጡም ስሙ።

ይሄን መዝለል ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። የአንዲት የማውቃት እናት ልጅ ካምፕ ሄዳ እዚያው ተጠመቀች። እናትየዋ ያወቀችው ጎረቤት ካሳየቻት የቴሌግራም ፎቶ ነው። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ፎቶውን በጣቷ እያሰፋች ደጋግማ የጠየቀችው «ይሄን ነጭ ልብስ ማነው ያለበሳት?» ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅቷም ታናሽ ወንድሟም ወደ ፕሮግራሙ ዝር አላሉም። ለዚህ ነው ካምፕ ላይ በሞቅታ የሚደረግ ጥምቀትን አጥብቄ የምቃወመው።

አንዱ ወላጅ ፈቅዶ ሌላው እምቢ ካለ ይጠበቃል። ሁለቱም እምቢ ካሉም ይጠበቃል። ልጁን «በድብቅ እናደርገዋለን» ብላችሁ አታባብሉት፣ ከቤቱ ጋርም አታጣሉት። ወላጆቹ ካልከለከሉ ትምህርቱን ይቀጥል፤ 18 ሲሞላው የራሱ ውሳኔ ነው።

ከተስማሙ ቅጹ ይመጣል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የልጁ ስም፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ አጥማቂው፣ የወላጆች ፊርማ፣ የልጁም ፊርማ። የፎቶ ፈቃድ በተለየ መስመር ይጻፍ፣ ጥምቀትን የፈቀደ ሁሉ ፌስቡክን ፈቀደ ማለት አይደለም። የኦንላይን ፎርም አልወድም፤ ልጁ ራሱ በእናቱ ስልክ ሞልቶ ይልከዋል። አማርኛ ለማያነብ ወላጅ በሲዳምኛ ይነበብለት፣ መፈረም ካልቻለ በምስክር ፊት ጣቱን ያሳርፍ።

ቦታውንም አትደብቁ። ሐይቁ ዳር ያምራል፣ ግን የሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዝያ አለበት፣ ጉማሬም አለ። ገንዳ ካላችሁ ገንዳው ይሻላል።

በዕለቱ ወላጆችን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡ፣ ለልጆቹ ፎጣና ቅያሪ ልብስ፣ ለሴቶቹ የተለየ መልበሻ አዘጋጁ። የተፈረመው ቅጽ አንድ ኮፒ ለወላጅ ይሰጥ፣ ዋናው ቢሮ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። በስልክ ፎቶ አንስቶ መተው አይሆንም፣ አስተባባሪው ሲቀየር ስልኩም አብሮት ይሄዳል።