የዓይን ጠብታ እስከ የት ይደርሳል? አደራረጉስ?

አንድ ጠብታ ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ይሆናል። በታችኛው የዓይን ቆብና በዓይን ኳሱ መካከል ያለው ኪስ ግን ከ30 ማይክሮ ሊትር ብዙም አይዝም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጠብታ መደራረብ ጉንጭ ማርጠብ ነው። የተቀረውንም እንባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አጥቦ በአፍንጫ በኩል ወደ ጉሮሮ ያወርደዋል፤ ክሎራምፌኒኮል የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ያደረገ ሰው አፉን የሚመረው ለዚህ ነው። ወደ ዓይን ውስጥ የሚዘልቀው ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም።

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ዓይናር ካለ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ቀና ብለው የታችኛውን ቆብ ሳብ ያድርጉና ኪሱ ውስጥ አንድ ጠብታ ብቻ ያድርጉ። የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍት ከነካ መድኃኒቱ ይበከላል። ከዚያ ዓይንን ሳያርገበግቡ በቀስታ ጨፍነው፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለ2 ደቂቃ ጫን ያድርጉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ መድኃኒቱን የሚያቆየው ግን እሱ ነው። ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ቅባት መጨረሻ ይደረጋል፤ ቀድሞ ከተቀባ ጠብታውን አያሳልፍም።

የዓይን መስተዋት፣ ኮርኒያ የሚባለው፣ ላዩ ቅባታማ፣ መካከሉ ውሃማ ነው። ሁለቱንም የሚያልፉት እንደ ክሎራምፌኒኮልና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ናቸው። ሌላው ፀረ ባክቴሪያ፣ ጄንታማይሲን፣ ላዩ ካልተላጠ በቀር እምብዛም አይገባም። ተራ የዓይን መቅላት ላይ ይህ አያሳስብም፤ ጀርሙ ያለው ላይ ነውና። ከሌንሱ በስተኋላ ላለ ኢንፌክሽን ግን ጠብታ አይበቃም፤ ሐኪም ዓይን ውስጥ በመርፌ ይሰጣል።

በጎጃም አውድማ ሲወቃ፣ እብቅ ወይም የገብስ ጺም ዓይን ሲጭር፣ ሌላ ጣጣ አለ። ከእህል ጋር ፈንገስ ሊገባ ይችላል፤ ፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ደግሞ ፈንገስን አይነካም። ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ (መቅላትና እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) የተቀላቀለበት ጠብታማ ያባብሰዋል፤ ሕመሙን ስለሚያስታግስ የዳነ ያስመስላል። በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ ብርሃን ካስቸገረ ወይም ማየት ከደበዘዘ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ነው፤ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ቢጠይቅም።

ለትራኮማ የሚሰጠው የ1 በመቶ ቴትራሳይክሊን ቅባት ወፍራም ስለሆነ ከጠብታ ይልቅ ይቆያል። ያም ሆኖ በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንት ያስፈልጋል፤ መቅላቱ ሲጠፋ የሚያቆሙት ይመለስባቸዋል።

ክሎራምፌኒኮል ጠብታ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድ ሰው ኪስ ውስጥ አይከርምም። ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀን ይጻፉበት፤ 28 ቀን ሲሞላው ግማሽ ቢቀርም ይጣላል። ለጎረቤትም አይሰጥም።