ያልተነካው ሴል ለምን ጅራት ያወጣል? የኮሜት ምርመራ በድሬዳዋ ሙቀት

ችግር፦ ኬሚካል ያልነካው ማነጻጸሪያ ሴል ጅራት አውጥቷል።

የኮሜት ምርመራ የሴል ዲ ኤን ኤ መጎዳቱን የምናይበት ዘዴ ነው፤ ሴሉን ጄል (እንደ ጄሊ የረጋ ነገር) ውስጥ አድርገን ኤሌክትሪክ እንለቅበታለን። ደጋግሞ የሚገጥመኝ ችግር ይሄ ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ ጤነኛው ሴል እንደ ጅራታም ኮከብ ተጎትቶ ይታያል። ጅራቱ በኤሌክትሪክ ተስቦ የወጣ የተሰባበረ ዲ ኤን ኤ ነው። ኬሚካል የቀመሰው ሴል ቢያወጣው የምንፈልገው ነው። ያልቀመሰውም ካወጣ ግን ምኑን ከምኑ እናነጻጽራለን? የቀኑ ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ኬሚካሉን ይጠረጥራል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሙቀቱ ነው።

አንዴ ከአወዳይ የጫት ገበሬዎች ደም መጣልን። ፀረ ተባይ የሚረጩና የማይረጩ፣ ሁለት ቡድን። ሦስት ቀን ለፋን፤ ሁለቱም እኩል ተጎድተው አገኘናቸው። በኋላ ሾፌሩን ስንጠይቀው ሳጥኑ በረዶ አልነበረውም። ደንገጎን ወርዶ ድሬ እስኪገባ ፀሐይ ሲመታው ቆይቷል። እባካችሁ፣ ደም ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥም! በረዶ ባለው ሳጥን ይምጣ፤ ቱቦው ግን በጨርቅ ይጠቅለል፣ በረዶውን አይንካ። ሲደርስ ሴሉን ለዩና በትራይፓን ብሉ (የሞተውን ሴል ሰማያዊ በሚያደርግ ቀለም) ቁጠሩ። በሕይወት ያለው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ አትቀጥሉ። እየሞተ ያለ ሴል ዲ ኤን ኤ በራሱ ይሰባበራል።

ናሙናው ደህና ሆኖ ጅራቱ ካልጠፋ ወደ ባፈሩ (ኤሌክትሪኩ ወደሚያልፍበት ፈሳሽ) ሂዱ። 300 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት፣ ፒ ኤቹ (የአልካሊነቱ ልኬት) ከ13 በላይ የሆነ ነው። ሲሞቅ ዲ ኤን ኤውን ከሚገባው በላይ ይፈታዋል፣ ጉዞውም ይረዝማል። አንድ ናሙና ለሁለት ከፍለን ግማሹን በጠዋት፣ ግማሹን ክፍሉ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ሠራነው። የከሰዓቱ ጅራት በግልጽ ረዘመ።

መፍትሄው ይኸው፦ ባፈሩ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ባፈሩ የሚሞላበትን ገንዳ ሰፋ ባለ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡና ዙሪያውን በረዶ ሙሉበት። ቴርሞሜትር ባፈሩ ውስጥ ይኑር፤ በእጅ ዳሶ «ቀዝቅዟል» ማለት አይሠራም፣ እጅንም ያቃጥላል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳታደርጉ አትቅረቡት። መብራቱንም ደብዘዝ አድርጉ፤ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ራሱ ዲ ኤን ኤ ይሰብራል።

ችግር፦ ጄሉ ከስላይዱ (ከሚቀመጥበት መስታወት) ተላቆ ይሄዳል።

ስላይዱ ቅባት አለው። ርካሹ ስላይድ ከእሽጉ ሲወጣ ንጹህ ይመስላል፤ አትመኑት። በአልኮል እጠቡ፣ 1 በመቶ መደበኛ አጋሮዝ (ጄሉ የሚሠራበት ነገር) ቀቡና ሙሉ በሙሉ አድርቁ። ሴሉን የሚይዘው በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጠው አጋሮዝ ደግሞ 37 ዲግሪ ላይ ይሁን። በሙቀቱ ብዛት ሴሉን የቀቀለ ተማሪ አይቻለሁ። ከዚያም እንዲረጋ ስላይዱን ቀዝቃዛ ብረት ላይ አስተኙት። የናሙናውን ስም በእርሳስ ጻፉ፤ ቀለም ታጥቦ ይጠፋል።

ችግር፦ ምርመራው መሥራቱን ለማረጋገጥ ሆን ብለን በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የጎዳነው ሴል ጅራት የለውም።

ፐሮክሳይዱ አርጅቷል። ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል። አዲስ ክፈቱ፤ የምትቀጥኑትም በዕለቱ ይሁን።

ችግር፦ የሁሉም ሴል ጅራት አጭር ነው፣ ኬሚካል የቀመሰውም ጭምር።

የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ዕቃ ክዳኑ ክፍት ሆኖ አድሯል። እርጥበት ስቦ ስለሚረጥብ የመዘናችሁት ግማሹ ውሃ ሊሆን ይችላል። የባፈሩን ፒ ኤች ለኩ፤ ከ13 ካነሰ ዲ ኤን ኤው በደንብ አይፈታም።

ችግር፦ አምፔሩ 300 ሚሊአምፔር አልሞላም ወይም አልፏል።

ቮልቱን አትንኩ። ባፈር ጨምሩ ወይም ቀንሱ።

ችግር፦ በጄሉ ኤሌክትሪክ እያለፈ ሳለ መብራት ጠፋ።

ስላይዶቹን ጣሉ። መብራት ሲመጣ የቀረችውን 10 ደቂቃ ልጨምር አትበሉ፤ እስከዚያ ዲ ኤን ኤው አልካሊው ባፈር ውስጥ ሲፈታ ቆይቷል። ጄኔሬተር ከሌለ ምሽት ላይ አትጀምሩ።