የሊኑክስ ዲስክን የሞላ ሎግ ፋይል እንዴት እንደሚገኝና እንደሚገታ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በአንድ የመድኃኒት ጅምላ ማከፋፈያ የማስተዳድረው ሰርቨር በግንቦት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽያጭ መመዝገብ አቆመ። መልእክቱ «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» የሚል ነበር። ጠዋት ግማሹ ባዶ የነበረ ዲስክ በሰዓታት ውስጥ ሲሞላ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሎግ ፋይል ነው። ሎግ ፕሮግራሞች የዕለት ውሏቸውን የሚጽፉበት መዝገብ ነው፤ የታወከ ፕሮግራም ግን አንዱን አቤቱታ ያለ ማቋረጥ ይደጋግመዋል።

ከዚህ በታች ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ፣ ካልተባለ በቀር፣ በላቲን ትንሽ ፊደል ይጻፋሉ። አብዛኞቹ ፊታቸው ላይ ሱዶ፣ ማለትም ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽመው ቃል፣ ይፈልጋሉ።

በመጀመሪያ የሞላውን የዲስክ ክፍል ይለዩ። ዲኤፍ ብለው ሰረዝና ኤች ያስከትሉ፤ መቶ በመቶ የሚለው መስመር የችግሩን ቦታ ያሳያል። ቦታ እያለ ኮምፒውተሩ የለም ካለ፣ በኤች ፈንታ አይ የተባለውን ፊደል ያስገቡ። በዚህ ጊዜ ያለቀው የፋይሎች ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ የሚፈለገውም አንድ ግዙፍ ፋይል ሳይሆን እልፍ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው።

ቀጥሎ ቫር የተባለውን ማውጫ ይመርምሩ። ዲዩ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ኤክስ፣ ኤች፣ ዲ እና 1 ሳይነጣጠሉ፣ በመጨረሻም የማውጫውን ስም ይጻፉ። ትልቁን ቁጥር እየተከተሉ ወደ ውስጥ ይግቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ቫር ውስጥ ወዳለው ሎግ ያደርሳል። ፋይሉን ሲያገኙት ምንም ከማድረግዎ በፊት በቴይል የመጨረሻዎቹን 20 መስመሮች ያንብቡ። እኔ ያነበብኳቸው 20ዎቹም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ «ማተሚያው አልተገኘም» ይላሉ፣ ሰዓታቸው እንኳ በሰከንድ አይለያይም።

አሁን እጅዎ ወደ ማጥፊያው ትዕዛዝ እንዳይሄድ። እኔ ፋይሉን አጠፋሁት፤ ዲስኩ ግን እንደሞላ ቀረ። በሊኑክስ ፋይል ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰረዘው ስሙ ነው፤ የከፈተው ፕሮግራም እስኪዘጋው ድረስ የያዘው ቦታ አይለቀቅም። እንዲህ ያለውን ስም አልባ ፋይል ኤልኤስኦኤፍ ከመደመር ምልክት፣ ከትልቁ ኤል እና ከ1 ጋር ሲታዘዝ ከነባለቤቱ ያወጣዋል፤ ያንን ፕሮግራም ዘግቶ መክፈት ቦታውን ያስመልሳል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው ፋይሉን ባዶ ማድረግ ነው፦ ትራንኬት፣ ሰረዝ ኤስ፣ 0፣ የፋይሉ ስም። ለምርመራ የሚጠቅሙ መስመሮች ካሉ አስቀድመው ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጧቸው።

በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ፕሮግራሞችን የሚያስጀምረውና የሚቆጣጠረው የሲስተምዲ መዝገብ ለብቻው ይታያል። በራሱ ገደብ ስላለው፣ ማለትም እንደ መነሻ ከክፍሉ 10 በመቶ፣ ቢበዛም 4 ጊጋባይት፣ እንደ ተራ የጽሑፍ ሎግ ልቅ አይሆንም። ትንሽ ዲስክ ላይ ግን ጆርናልሲቲኤልን፣ ሁለት ሰረዝ፣ ቫኩም፣ ሰረዝ፣ ሳይዝ፣ የእኩል ምልክት፣ 200 እና ትልቁ ኤም ብለው ወደ 200 ሜጋባይት ገደማ ይቀንሱት።

ቦታ ተገኘ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፉን የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ በላይ በደጋው የጣለው ዝናብ ነው፤ ሎግም ምንጩ ሳይደርቅ ቢጠረግ ተመልሶ ይሞላል። የእኛን ምንጭ ለማግኘት ከኮምፒውተሩ ተነሥቼ ወደ ሽያጭ ክፍሉ ሄድኩ። በዚያ ሙቀት አንዲት ሠራተኛ ማራገቢያ ለመሰካት የማተሚያውን ሶኬት ነቅላለች፤ ፕሮግራሙም ማተሚያውን ያለ ፋታ ሲፈልግ ነበር። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሳያርፍ የሚሞክር ፕሮግራምና ገደብ ያላበጀሁለት ሎግ ያመጡት ነው። ሁለተኛ ሶኬት ተገጠመላት፤ የፕሮግራሙ ሠሪዎችም በሙከራዎቹ መካከል ዕረፍት ጨመሩበት።

ገደቡን የሚያበጀው ሎግሮቴት የተባለው ፕሮግራም ነው፤ ሎጉ ሲያድግ አሮጌውን ወደ ጎን አድርጎ አዲስ ያስጀምራል። ኢቲሲ ውስጥ ባለው የሎግሮቴት ማውጫ ለፕሮግራሙ አንድ ፋይል ይክፈቱና ሳይዝ 100 እና ትልቁ ኤም (ሎጉ 100 ሜጋባይት ሲያልፍ)፣ ሮቴት 5 (አምስት አሮጌ ሎጎች ብቻ እንዲቆዩ)፣ ኮምፕረስ (አሮጌዎቹ እንዲጨመቁ) ብለው ይጻፉ፤ ፕሮግራሙ ሎጉን ዘግቶ መክፈት የማያውቅ ከሆነ ሎጉን ቀድቶ ዋናውን ባዶ የሚያደርገውን ኮፒትራንኬት ይጨምሩ። ብዙዎች የሚዘነጉት ሎግሮቴት አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሠራ ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ዲስክ የሚሞላ ሎግ እስከ ነገ አይጠብቀውም፤ ስለዚህ በየሰዓቱ እንዲሠራ ያድርጉት። ከዚያ በፊት ግን ሰረዝ ዲ ጨምረው ያሂዱት፤ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ያሳይዎታል።